ደሴ ለመሄድ ሊማሊሞን የወረድን ጊዜ

ዛሬ ማለዳ፣ ገና ሳይነጋጋ እንነሣለን ተብሎ ነበር። ይኸው ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች፤ ልጄ ዳዊትና የሴት ልጄ ባል ሄኖክ ግን መኪናው ጎን ቆመው ስልካቸው ላይ እንዳፈጠጡ ናቸው። ዳዊት በደብረ ታቦር አድርገን ወልድያ እንውጣና ወደ ደሴ እንታጠፍ ይላል። ሄኖክ ደግሞ መንገዱ ጋሸና ላይ ተዘግቷል ሲባል ከጓደኛው ሰምቷልና በባሕር ዳር አድርገን አዲስ አበባ ገብተን በደብረ ብርሃን እንዙር ይላል። ከጎንደር ደሴ ለመሄድ አዲስ አበባን መርገጥ ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ማን ይሰማኛል። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እንኳ ግራ ገብቷት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ትላለች።

እኔ ስንቁን ቋጥሬ፣ ቤቱን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ አሰፋ ግን ከእኔም ቀድሟል። ገና “በየት ይሻላል” የሚለው ቃል ከዳዊት አፍ ሲወጣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ከዘራውን ይዞ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሩን ዘጋ፤ ቀበቶውን አሰረ። ልጆቹ ይስቁበታል። “አባዬን እርጅና ትዕግሥት አሳጣው” ይላሉ። የእርጅና ነገር አይደለም። አሰፋ ጎልማሳ ሳለም እንዲሁ ነበር፤ ሰው ፊቱ ስለ መንገድ መከራከር ሲጀምር ተነሥቶ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ለልጆቹ ነግሯቸው አያውቅም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ዛሬ ግን ደሴ ያለችው አንዲት እኅቱ አልማዝ ታማ “አሰፋን አምጡልኝ” እያለች፣ እነዚህ ሁለቱ ስልክ ሲያገላብጡ ሳይ አንጀቴ አረረ።

ይባስ ብሎ ሄኖክ ክርክሩን ሳያቋርጥ ከጀሪካን ቤንዚን ይገለብጥ ጀመር። ቤንዚን ዛሬም እንደዚያን ጊዜው ይጠፋል፣ ያለው ሰው በጀሪካን ያስቀምጣል። ሽታው እስከ ደረጃው መጣ። ያ ሽታ እኔን ሌላ የትም አይወስደኝም፤ ደባርቅ ነው የሚወስደኝ፣ አባቴ ግቢ፣ ሙሽራ ሆኜ ጀሪካን እግሬ ሥር አድርጌ የተቀመጥኩበት የአረንጓዴው ላንድሮቨር የኋላ ወንበር።

የዚያን ጊዜ ደባርቅ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ አልነበረችም። ከጎንደር የሚመጣው ጎዳና መሐሏን ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ሊማሊሞ ይሄዳል፤ ከተማዋ ማለት እሱና ግራ ቀኙ የተደረደረው የጭቃ ቤት ነው። በጥር ማለዳ ውጪ ባደረ ውኃ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ወንዱ የበግ ጠጉር ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይወጣል። አውቶቡስ ማቆሚያው ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣል፤ እጅን ብርጭቆው ላይ ማሞቅ በነፃ ነው። የቤቱ ካሴት ማጫወቻ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እኔ ብዙዎቹን ዘፈኖች መጀመሪያ የሰማኋቸው እዚያ ስለሆነ ጎንደር ሄጄ በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማቸው የተበላሹ መሰሉኝ። ወጣቱ አፍሮውን አሳድጎ ከታች የሰፋ ሱሪ ይለብሳል። ሴቶቹ ናይለን ሻሽና ኮንጎ ጫማ ነን፤ ታኮ ጫማ ያላት ካየህ ጎንደር ዘመድ አላት ማለት ነው። ስብሰባው የበዛበት፣ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚጠየቅበት ዘመን ነበር። ስለ ፖለቲካው የሚያውቅ ይጻፍ፤ እኔ የምጽፈው ስለ መንገድ ነው።

አሰፋ ደባርቅ የመጣው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ነው። የደሴ ልጅ፣ ቀጭን፣ ካኪ ሳፋሪ ለብሶ እዚያ ብርድ ውስጥ የገባ የዋህ። እኔ ጤና ጣቢያው ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበርኩ። በመጣ በሳምንቱ ከንፈሩ በውርጭ ተሰነጣጥቆ ቫዝሊን ፈልጎ መጣ፤ ቫዝሊኑን ወስዶ እንደገና መጣ፤ ከዳነም በኋላ መምጣቱን አልተወም። ነገራችን እንዲህ ነው የተጀመረው። አባቱ በልጅነቱ ሞተዋል። እናቱ እማማ ዘነቡ ፈትል እየፈተሉ እሱንና ታናሽ እኅቱን አልማዝን አሳደጉ። ክረምት ክረምት ሲሄድ የደባርቅ ገብስ በሶ ይወስድላቸው ነበርና “ይኼ ገብስ ነፍስ አለው” ይሉ ነበር አሉ። ሰርጋችን ሊደርስ ሲል ሆዳቸውን ታመሙ፤ ምግብ አልረጋላቸው አለ። ደባርቅ ድረስ መምጣቱ ቀረና፣ “እኔ መሄድ አልችልም፤ ሙሽራዋን ቶሎ አምጡልኝ። በሶውን በገዛ እጇ በጥብጣ ታጠጣኝ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር የወደደውን ያድርግ” ብለው ላኩ።

እኔም ገብሱን ራሴ ቆላሁት፣ ራሴ አስፈጨሁት። ከዳባት ወዲህ ባለች መንደር ይኖሩ ከነበሩ አንዲት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ አንገተ ጠባብ ማሰሮ ገዛሁ። ሴትዮዋ “ለማን ነው” ሲሉኝ “ለአማቴ” አልኳቸው፤ ሳቁና ሁለት ማሰሮ አንኳኩተው በድምፁ የተሻለውን መረጡልኝ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እስራኤል አገር ናቸው፣ መንደሯም ባዶ ናት። በሶውን ሞልቼ አፉን በጨርቅ አሰርኩት። ከጥሎሽ ልብሴ ሁሉ አብልጬ የምጠብቀው እሱን ነበር።

ሰርጉ እሑድ ሆነ። ከደሴ ሙሽራ ሊወስዱ የመጡት የአሰፋ አጎት ጋሽ ይመር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድተው ያረጁ ሰው። ላንድሮቨሩን ከወዳጅ ለምነው፣ አንድ ሚዜ ይዘው፣ በወልድያ አድርገው፣ ቻይናዎች በሠሩት አዲሱ ጎዳና ደብረ ታቦር ወጥተው፣ በጎንደርና በዳባት ደባርቅ ገቡ። “በኢትዮጵያ ያልነዳሁበት መንገድ የለም” ይላሉ፤ ገና ከመኪናው ሲወርዱ ነው የጀመሩት። ሰው ጤናቸውን ሲጠይቃቸው ስለ ነዱበት ገደል ያወሩለታል። አሰፋን ግን ለብቻው ጠርተው “ዘነቡ ደክማለች። ነገ በጧት እንነሣ” አሉት። ይህን እኔም ሰማሁ፣ አባቴም ሰማ።

ሰኞ ማለዳ ዕቃው ተጫነ። እኔ ነጭ ቀሚሴን፣ ካባዬንና የማልችልበትን ታኮ ጫማ አድርጌ፣ ተሸፋፍኜ፣ ማሰሮዬን ታቅፌ ጓዳው በር ላይ ተቀመጥኩ። መርቀው ሊያሰናብቱን የቀሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ጥሩነህ ብቻ ነበሩ። መሪጌታ ደረስጌ ማርያም የተማሩ፣ ድምፃቸው ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ፣ አገሩ ሁሉ የሚያፍራቸው ሰው ናቸው። አባቴ እሳቸው ፊት ቀና ብሎ አይናገርም። መጡ፤ ላንድሮቨሩን ዞሩት፤ አፍንጫው ወደ ዳባት መዞሩን አዩ።

“ይመር፣ በየት ልትሄዱ ነው?” አሉ።

“በመጣንበት ነዋ መሪጌታ። ጎንደር፣ ደብረ ታቦር፣ ወልድያ።”

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉት። “ሙሽራ ይዞ በመጡበት መመለስ በየት አገር ያያችሁት ነው? የሙሽራ አጀብ በመጣበት አይመለስም። ታቦት እንኳ ጥምቀተ ባሕር በወረደበት አይመለስም። ሰብአ ሰገልም ለጌታ ሰግደው ሲመለሱ ‘እንተ ካልእት ፍኖት’ ነው የሚለው፤ በሌላ ጎዳና። ልጄን በመጣችሁበት አትወስዷትም።”

ልማዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙሽራ ሊወስድ በወንዙ ዳር የመጣ አጀብ በተረተሩ ይዟት ይመለሳል፤ ክፉ ነገር ዱካውን ተከትሎ እንዳይጠብቀው ነው። በበቅሎ ዘመን ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ስሜን ውስጥ የእግር መንገድ እንደ ሣር ነው። መኪና ግን ከደባርቅ የሚወጣው በሁለት በኩል ብቻ ነው፦ በደቡብ ወደ ዳባት፣ በሰሜን በሊማሊሞ ገደል ወደ ቆላው። ከቆላው ማዶ ደግሞ ጦርነት ነው። ጋሽ ይመር ይህን አንድ ነገር ቢናገሩ፣ “ሌላ መንገድ የለም” ቢሉ፣ መሪጌታም ጸሎት አድርሰው ይለቁን ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ግን ያልነዱበት መንገድ የሌለ ሰው እንዴት “የለም” ይበል።

“ሌላ መንገድማ ሞልቷል” አሉ። “አብሽሩ መሪጌታ። በሊማሊሞ ወርደን፣ ተከዜን ተሻግረን፣ ሽሬ፣ አክሱም፣ ዓዲግራት፣ መቀሌ፣ ከዚያ ወልድያ። እኔ ስንቴ ጭኜበታለሁ። ካልሆነም በጎጃም ዓባይን ወርደን አዲስ አበባ...”

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ራሴን ያመኛል። በርጩማ መጣ። ጠላ መጣ። ጋሽ ይመር በአርጩሜ አፈሩ ላይ መንገድ መሳል ጀመሩ። በጎጃም ቢዞሩ እስከ ወረታ ያው የመጡበት ነው ተባለ፤ ግማሽ መመለስ መመለስ ነው ወይስ አይደለም የሚል ሌላ ክርክር ተነሣ። ጎረቤቱ ሊሰናበት እየመጣ ይቀመጣል፤ ከዳባት አልፎ የማያውቅ ሰው ስለ ዓባይ በረሃ ሐሳብ ይሰጣል። ከሁሉ ያናደደኝ አሰፋ ነው። ቀስ ብሎ ሄዶ ከትምህርት ቤት የግድግዳውን ካርታ አመጣና ግቢው ውስጥ ዘረጋው። ሽማግሌዎቹ “አስተማሪው ያውቃል” ብለው ሲከቡት ደስ አለው፤ በጣቱ እያሳየ አስረዳቸው። እኔ በተሸፋፈንኩበት አየዋለሁ። ሙሽራ አትናገርም። እናቴን በካባዬ ሥር ጎትቼ፣ “እማዬ፣ ሴትዮዋ ታመዋል፣ ይንገሯቸው እንጂ” አልኳት። ሄዳ ተመለሰች። “ሰምተዋል ልጀ። መጀመሪያ የመንገዱ ነገር ይለቅ ይላሉ” አለችኝ። ቀኑ እንዲሁ መሸ።

መላ ያመጣው አባቴ ነው፤ ምስኪን፣ ሁሉንም ሊያስታርቅ ብሎ። ነገ ጧት በሊማሊሞ በኩል ሸኝተናቸው ይውጡ አለ። ከኬላው አለፍ ብሎ ሜዳ አለ፤ እዚያ ይዙሩና ከተማውን ሳይቆሙ አልፈው በዳባት ይሂዱ። ከቤት የወጡት በሌላ በኩል ነው፤ ልማዱም ተጠበቀ፣ ቀኑም አይባክንም። መሪጌታ አሰቡና ተቀበሉት። ብቻ መዞሩ በሥርዓቱ መደረጉን ራሴ አያለሁ ብለው ማክሰኞ ጧት መቋሚያቸውን ይዘው የፊተኛው ወንበር ላይ ወጡ።

ሊማሊሞን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ መንገዱ ከገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጣሊያን በድንጋይ የካበው፣ ለአንድ መኪና የሚበቃ። መታጠፊያው ላይ ሆነህ ዝቅ ብለህ ስታይ ቆይተህ የምትደርስበትን መንገድ እግርህ ሥር ታየዋለህ። ያን ቀን ኬላው አጠገብ ስንደርስ አባቴ የነገረን ሜዳ በወታደር መኪና ሞልቷል። ስንቅና ሰው የጫነ አጀብ ወደ ሰሜን ሊወርድ ተሰልፎ ነበር። ጋሽ ይመር ፍሬን ከመያዛቸው ከኋላችን ሌሎች መጡና መሐል ገባን። አንድ ወታደር እጁን እያወናጨፈ “ግባ፣ ግባ፣ ሰልፉን አትበጥስ” ይላል። ጋሽ ይመር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው “እኛ ልንዞር ነው” አሉ። “ምን?” አለ ወታደሩ። “ልንዞር ነው የመጣነው።” ወታደሩ የላንድሮቨሩን ጎን በመዳፉ መታና ነዳን። ወረድን። በየመታጠፊያው ጋሽ ይመር “እዚህ ጋ እዞራለሁ” ይላሉ፤ ከፊት ካሚዮን፣ ከኋላ ካሚዮን፣ በግራ ሰማይ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። እኔ ማሰሮዬን ጭኔ ላይ በሁለት እጄ ይዤ፣ በእግሬ ጀሪካኑን ደግፌ፣ ነጭ ቀሚሴ በአቧራው አመድ መሰለ።

ገደሉ ሥር ያለችው ድብ ባሕር ደረስን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ ካባዬ አሁን ሸክም ሆነ። አጀቡ አለፈ፤ እኛ ግን ተያዝን። የታችኛው ኬላ አዛዥ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ነበር፣ ልብሱ የተተኮሰ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ። የይለፍ ወረቀታችንን አየና ቀና አለ።

“ይኼ ደሴ ይላል” አለ።

“አዎ ጌታዬ” አለ አሰፋ።

“ደሴ በዚህ በኩል ነው?”

ጋሽ ይመር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ “ደሴማ በየትም ይኬዳል፤ ከዚህ ሽሬ ብትወጣ...” ሲሉ አሰፋ እግራቸውን ረገጣቸው። ሽሬ የሚለው ቃል ግን ወጥቷል። ወጣት አስተማሪ፣ ወጣት ሴት፣ የነዳጅ ጀሪካን፣ ወደ ሰሜን። መቶ አለቃው ምን እንዳሰበ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። በዚያ ዘመን በዚያ መንገድ ወርደው ጫካ የገቡ ብዙ ነበሩ።

መሪጌታ ነገሩን ሊያቃኑ ወደፊት ወጡ። ስለ ሙሽራ አጀብ፣ ስለ ታቦት፣ በመጨረሻም በዚያ ድምፃቸው ስለ ሰብአ ሰገል አስረዱት። መቶ አለቃው በትዕግሥት ሰማቸው።

“አባቴ፣ ሰብአ ሰገል በሌላ ጎዳና የሄዱት ከማን ሸሽተው ነበር?” አላቸው።

“ከሄሮድስ ነዋ ልጄ። ከጨካኙ ንጉሥ።”

“እናንተስ? እዚህ አገር ሄሮድስ ማነው?”

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ መኪናው ተመለሱ።

የእህል መጋዘን ውስጥ አሳደሩን። በማግሥቱም ዋልን፤ እንደገናም አደርን። እነሱ ግን ምን ሲያደርጉ የዋሉ ይመስላችኋል? ሲከራከሩ። ጋሽ ይመር አንዴ ከወረድን ተከዜን እንሻገር፣ ቅርብ ነው ይላሉ። መሪጌታ ምናልባት እግዚአብሔር ያሰበልን ጎዳና ይኼ ይሆናል ይላሉ። አሰፋ ያን ጊዜ ከእነሱ ተለይቶ ነበር። በሩ ሥር ተቀምጦ ወደ ሊማሊሞ ሽቅብ ያያል። መጥቼ አጠገቡ ስቀመጥ “እማዬ ቀን ትቆጥራለች” አለኝ። 

ያወጣን አንድ የጎጃም ሃምሳ አለቃ ነው። ለመቶ አለቃው፣ “ጌታዬ፣ እውነታቸውን ነው። እኛም አገር ሙሽራ በመጡበት አይመለሱም” አለው። መቶ አለቃው ወጥቶ ቀሚሴን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ የታቀፍኩትን ማሰሮ ከፍቶ በሶ መሆኑን ቀምሶ አረጋገጠ። ሳቅ እንዳይል ከንፈሩን ነክሶ ወረቀታችንን መለሰልን። “ሂዱ” አለ። “ግን እኔም ልማድ አለኝ። በመጣችሁበት ነው የምትመለሱት።”

ሊማሊሞን መልሰን ወጣን። የከተማው ጫፍ ላይ መሪጌታ “አውርዱኝ” አሉ። ሰው እንዳያያቸው በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በእግር መንገድ ወደ ቤታቸው ገቡ። ከሁላችን በመጡበት ያልተመለሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ በአባቴ ደጅ አለፍን። እናቴ ደጁ ላይ ቆማ ነበር፤ ሙሽራ ልጇ ከተሸኘች በኋላ ከሰሜን በኩል በአቧራ ተለውሳ ስትመለስ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። መቆም ክልክል ነበርና አልቆምንም። ዳባት በኩፖን ቤንዚን ስንቀዳ አንዲት ሴትዮ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው “የዛሬ ሙሽራ ነሽ ልጀ?” አሉኝ። “የእሑድ” አልኳቸው። ሴትዮዋ ቀሚሴን አይተው አማተቡ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይመር ነዱ፤ ይህን አልክድም፣ ሳይተኙ ነዱ ማለት ይቻላል። ወረታ፣ ደብረ ታቦር፣ ነፋስ መውጫ፣ ወልድያ፤ ያ መጀመሪያውኑ የሚታወቀው መንገድ፣ ሰኞ ማለዳ ልንሄድበት የነበረው። ሐይቅ ስንደርስ ውኃው ዳር ሰዎች ቆመው እጃቸውን ዘረጉልን። የአሰፋ ዘመዶች ነበሩ። “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ዛሬ እዚህ ቤት እደሩ፣ ነገ በጧት ትገባላችሁ” አሉን፤ ፈገግ ሊሉም ሞከሩ። የመርዶ ልማዱ ነው፤ ለሰው እናቱ ሞተች ተብሎ መንገድ ላይ አይነገርም። ከመሐላቸው አንዲት አሮጊት ግን ረስተው ነጠላቸውን በሐዘን አለባበስ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለብሰው ነበር። አሰፋ ነጠላውን አየ። ከመኪናው አልወረደም። እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

የተቀበሩት በዋዜማው ነው። በአንድ ቀን ቀደሙን።

ቤቱ ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ለሙሽራ የተዘጋጀው ጠላ ለለቀስተኛ ሆኗል። ያን ሁሉ ገደል የወረደች የወጣች ማሰሮዬ አንዲት ስንጥቅ የላትም፤ ያኔ የነደደኝ እሷን ባየሁ ጊዜ ነው። ጓዳ ገባሁና አቧራ የለበሰ ቀሚሴን ሳልቀይር በሶውን በጠበጥኩ። ለለቀስተኛው አደልኩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለአልማዝ ሰጠኋት፤ ያን ጊዜ ልጃገረድ ነበረች፣ ዓይኗ አብጦ። ተቀበለችና፣ “እማዬ እስከ መጨረሻው ‘የት ደረሱ’ ስትል ነበር። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‘የት ደረሱ’” አለችኝ። ከዚያ ጠጣችው።

መሪጌታ ለአርባው ደሴ ድረስ መጡ። ያ ሁሉ ግርማ ቀርቶ አሰፋ እግር ላይ ወድቀው አለቀሱ፤ እሱም አነሣቸውና “እርስዎ ምን አደረጉ፣ ካርታውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ” አላቸው። ታረቁ፣ ተቃቀፉ። ስንሸኛቸው ደግሞ፣ አይ ሰው፣ ጋሽ ይመርን ጎተት አድርገው “ለመሆኑ አውቶቡሱ በየት ነው የሚመለሰው? በመጣሁበት ነው?” አሏቸው። ጋሽ ይመር በጎጃም የሚሄድም አለ ብለው ጀመሩ። አሰፋ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው መሐል ተነሥቶ የወጣው። አሁን ሁለቱም ሽማግሌዎች የሉም፤ ወዲያኛው ዓለም ሲገቡም በየት እንግባ ብለው ደጀ ሰላሙ ላይ ሳይቀመጡ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እያሰብኩ ሳለሁ ሄኖክ ጀሪካኑን ከደነ። “እሺ በጋሸና እንሞክርና ከተዘጋ እንመለስ” አለ። “ከተመለስንማ መጀመሪያውኑ በባሕር ዳር ነበር የሚሻለው” አለው ዳዊት፤ እንደገና ጀመሩት። መኪናው ውስጥ የአሰፋ ስልክ ጮኸ። መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ይሰማል፤ የአልማዝ ልጅ ናት።

“አባባ፣ እማዬ የት ደረሱ እያለች ነው” አለች።

 አሰፋ ቀበቶውን እንዳሰረ ግቢውን፣ የተዘጋውን የውጭ በር አየ። “መንገድ ላይ ናቸው በያት” አላት። ስልኩን ዘጋ።

ያን ጊዜ ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙሽራ አትናገርም። ተነሣሁ። ሄድኩና የዳዊትን ስልክ ከእጁ ወሰድኩ፣ የሄኖክንም ወሰድኩ፣ ሁለቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት።

“ግቡ” አልኳቸው።

“እማዬ፣ በየት...”

“ግባ ዳዊት፣ ንዳ። የተዘጋው ጋ ስንደርስ እንጠይቃለን።”

የኋላው ወንበር ላይ ወጣሁ። ከስንቁ መካከል ማሰሮዬን አወጣሁ፤ ከትናንት ወዲያ ራሴ የቆላሁት የደባርቅ ገብስ በሶ አለባት፣ ለአልማዝ። ጨርቋን አጠበቅኩና ጭኔ ላይ አደረግኳት። ዳዊት ሞተሩን አስነሣ።